የቆዩት ፕሮጀክቶች መዝገብ ይገለጥ

የለንደኑ ሂትሮው አየር ማረፊያ አምስተኛውን ተርሚናል ለመገንባት ሲሰናዳ፣ ባለቤቱ ቢ.ኤ.ኤ. የተባለው ኩባንያ ከቁፋሮው አስቀድሞ አንድ ጥናት አስጠና። ባለሙያዎቹ በብሪታንያ ቀደም ባሉት ዓመታት የተካሄዱትን ታላላቅ ግንባታዎችና በሌሎች አገሮች የተከፈቱትን አዳዲስ አየር ማረፊያዎች አንድ በአንድ መረመሩ። ጥያቄው አጭር ነበር፦ ተርሚናሉ ሌሎቹ በተሠሩበት መንገድ ቢሠራ ምን ይገጥመዋል? መልሱ ግን ኩባንያውን አስደነገጠው። ወጪው ከበጀቱ በእጅጉ ይበልጣል፣ መክፈቻው ቢያንስ በአንድ ዓመት ይዘገያል፣ ስድስት ሠራተኞችም በሥራ ላይ እያሉ ይሞታሉ የሚል ነበር።

ይህ መልስ በሌሎች ላይ የደረሰው ተሰብስቦና ተነጻጽሮ የተገኘ ስሌት ነው። ኩባንያውም ጥናቱን ዶሴ ውስጥ አልቀበረውም፤ የውሉን መሠረት ለወጠበት። በተለመደው አሠራር አሠሪው ያልታሰበውን ችግር ሁሉ በተቋራጩ ትከሻ ላይ ይጭናል፤ ተቋራጩም ወይ አስቀድሞ ዋጋው ላይ ይጨምረዋል፣ ወይ ሥራው ከተጀመረ በኋላ በካሳ ጥያቄና በክርክር ያስመልሰዋል። ቢ.ኤ.ኤ. ግን አደጋው የራሱ መሆኑን ተቀበለ። ለተቋራጮቹ ያወጡትን ወጪ ከትርፍ ጋር ሊከፍል፣ ከተገመተው በታች ከጨረሱም ከቁጠባው ሊያካፍላቸው ተስማማ። ንድፍ አውጪው፣ የብረት ሥራ ባለሙያውና የኤሌክትሪክ መሐንዲሱ በአንድ ቡድን ውስጥ ተቀመጡ። ግዙፉ ጣሪያም ለንደን ከመድረሱ በፊት በሰሜን እንግሊዝ ዮርክሸር ሜዳ ላይ አንዱ ክፍል ተገጣጥሞ ተሞከረ፤ የታየው ጉድለት እዚያው ተስተካከለ። 4.3 ቢሊዮን ፓውንድ የወጣበት ተርሚናል ከዓመታት በፊት በተቀጠረለት ቀን፣ እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 2008 ተከፈተ።

በመክፈቻው ሰሞን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሻንጣዎች መጥፋታቸውና በመቶዎች የሚቆጠሩ በረራዎች መሰረዛቸውም አብሮ መነገር አለበት። ሕንጻው ተጠናቋል፤ ሠራተኛው ግን በአዲሱ ሕንጻና በአዲሱ ማሽን በበቂ ሁኔታ አልተለማመደም ነበር። በወቅቱ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ዋና ኃላፊ የነበሩት ዊሊ ዋልሽ የሙከራው ጊዜ መቆረጡ ስህተት እንደነበር ለፓርላማ ኮሚቴ አምነዋል። ይህም ከግንባታው ስኬት እኩል መጻፍ ያለበት ትምህርት ነው።

የሂትሮው ታሪክ በአሁኑ ሰዓት ለኢትዮጵያ ቅርብ ነው። ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በቢሾፍቱ አካባቢ የሚገነባው አዲሱ አየር ማረፊያ በመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 60 ሚሊዮን፣ ሙሉ በሙሉ ሲጠናቀቅ ደግሞ 110 ሚሊዮን መንገደኞችን እንዲያስተናግድ የታሰበ ነው። ነሐሴ 2017 ላይ የአፍሪካ ልማት ባንክ ብድሩን ለማስተባበር ከኢትዮጵያ አየር መንገድ ጋር ሲስማማ የተነገረው ወጪ 10 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ጥር 2018 ላይ የግንባታው መጀመር ሲበሰር 12.5 ቢሊዮን ሆኗል። ልዩነቱ የመጣው ሥራው ሰፍቶ ይሁን ግምቱ ታርሞ፣ ዕዳውን የሚሸከመው ሕዝብ በዝርዝር ሊያውቀው ይገባል። ሁለቱም የሚያሳፍሩ ምክንያቶች አይደሉም። የሚጎዳው ነገር ልዩነቱ ሳይጻፍ መቅረቱ ነው።

ባለፉት 20 ዓመታት አገሪቱ ግድብ ገድባለች፣ ሐዲድ ዘርግታለች፣ የስኳር ፋብሪካ ተክላለች፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ኮንዶሚኒየሞች አቁማለች። ከዚህ ሁሉ የተገኘው ልምድ ውድ ነው፤ የተከፈለበትም በግብርና በብድር ነው። ስለዚህም የእያንዳንዱ ፕሮጀክት የመጀመሪያ ግምትና የመጨረሻ ውጤት ጎን ለጎን ተጽፎ፣ የልዩነቱ ምክንያት ተብራርቶ፣ ማንም መሐንዲስና ማንም ግብር ከፋይ ሊያነበው በሚችል አንድ መዝገብ ላይ ሊገኝ ይገባል። ያ መዝገብ እስካልተገለጠ ድረስ የሚቀጥለው ገማች የሚገምተው በተስፋ ነው።

ተስፋ እንዴት እንደሚያሳስት ያጠኑት የሥነ ልቦና ሊቅ ዳንኤል ካህነማን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 የኖቤል ሽልማት በኢኮኖሚክስ የተቀበሉት ካህነማን በእስራኤል በነበሩበት ዘመን ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መማሪያ መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ቡድን ይመሩ ነበር። አንድ ቀን የቡድኑ አባላት ሥራው መቼ እንደሚያልቅ በየግላቸው ጽፈው እንዲያስረክቡ ጠየቁ። ሁሉም ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ብለው ጻፉ። ከዚያ በሥርዓተ ትምህርት ዝግጅት የረጅም ጊዜ ልምድ ወደነበራቸው ሲሞር ፎክስ ዞረው፣ ተመሳሳይ ሥራ የጀመሩ ሌሎች ቡድኖች ስንት ዓመት እንደፈጀባቸው ጠየቋቸው። ፎክስ ጥቂት አሰቡና ወደ 40 በመቶ የሚሆኑት ጨርሶ እንዳልጨረሱ፣ የጨረሱትም ከሰባት ዓመት በታች እንዳልወሰደባቸው ተናገሩ። አስገራሚው ነገር ፎክስ ራሳቸው ይህን እያወቁ ከጥቂት ደቂቃ በፊት እንደ ሌሎቹ አጭር ጊዜ መጻፋቸው ነው። ቡድኑ ሥራውን ቀጠለ፤ መጽሐፉ ያለቀው ከስምንት ዓመት በኋላ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የትምህርት ሚኒስቴሩ ፍላጎት ቀዝቅዞ ስለነበር ሥራ ላይ አልዋለም።

ዕውቀቱ እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ነበር። የጎደለው የሚጠይቀው ሰው፣ ሲመለስም የሚሰማው ሰው ነው።

በኦክስፎርድ ፕሮፌሰር የነበሩት ቤንት ፍሊቭቢየርግ ይህን ሐሳብ ወደ ግንባታ አምጥተውታል። ከ130 በላይ ከሆኑ አገሮች ከ16,000 የሚበልጡ ፕሮጀክቶችን መረጃ ከባልደረቦቻቸው ጋር አሰባስበው ያገኙት ውጤት ማንንም ባለበጀት እንቅልፍ የሚነሳ ነው። በተያዘለት ገንዘብና በተያዘለት ጊዜ የተጠናቀቀው 8.5 በመቶው ብቻ ነው። ገንዘቡን፣ ጊዜውንና የታሰበውን ጥቅም ሦስቱንም ያሳካው ደግሞ ግማሽ በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የሚመክሩትም መድኃኒት ፎክስ ከተጠየቁት ጥያቄ አይለይም፦ አዲሱን ፕሮጀክት ከውስጡ ብቻ አትገምት፤ መሰሎቹን ሰብስብና በእነሱ ላይ የደረሰውን ተመልከት። የብሪታንያ መንግሥት ይህን አሠራር ለትራንስፖርት ፕሮጀክቶቹ ከተቀበለ ሃያ ዓመት አልፎታል።

ግድብ ከከባዶቹ ሥራዎች አንዱ ነው። ፍሊቭቢየርግ የተሳተፉበት እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት ከ1934 እስከ 2007 የተሠሩ 245 ትላልቅ ግድቦችን መርምሮ ወጪያቸው ከግምቱ በአማካይ 96 በመቶ እንደበለጠ፣ የግንባታ ጊዜያቸውም በ44 በመቶ እንደረዘመ አሳይቷል። ስለዚህ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ መዘግየቱ ኢትዮጵያን ከዓለም የተለየች አያደርጋትም። መጋቢት 24 ቀን 2003 መሠረቱ ሲጣል 80 ቢሊዮን ብር እንደሚፈጅና በአምስት ዓመት ገደማ እንደሚያልቅ ተነግሮ ነበር፤ የተመረቀው ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ነው። ያለ ውጭ ብድር፣ በሕዝብ ቦንድና በመንግሥት በጀት፣ በዲፕሎማሲ ጫና ውስጥ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ ማጠናቀቅ የሚያኮራ ነው። ታሪኩ በዝርዝር መጻፍ ያለበትም ስለሚያኮራ ነው።

በዚያ ታሪክ ውስጥ አንድ ምዕራፍ ለብቻው ጥናት ይገባዋል። የሲቪል ሥራውን ዓለም አቀፍ ልምድ ያለው የጣሊያኑ ሳሊኒ ሲይዝ፣ የተርባይንና የብረታ ብረት ሥራው እንዲህ ያለ ግድብ ሠርቶ ለማያውቀው ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ተሰጠ። የአገር ውስጥ አቅም የመገንባት ፍላጎቱ መልካም ነው። ነገር ግን አቅም የሚገነባው ከትንሹ ተጀምሮ ነው፤ የአገሪቱ ትልቁ ፕሮጀክት መለማመጃ ሊሆን አይችልም። ነሐሴ 2010 ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ሥራው ከኮርፖሬሽኑ መነጠቁን ሲያስታውቁ አርማታው ከብረቱ ብዙ ርቆ ሄዶ ነበር። በኋላ ጂ.ኢ.፣ ፎይትና የቻይና ኩባንያዎች ገብተው የመጀመሪያው ተርባይን የካቲት 13 ቀን 2014 ኃይል ማመንጨት ጀመረ። በመካከሉ የጠፉት ዓመታት በብር ሲተመኑ ስንት ይሆናሉ? የትኛው ውሳኔ፣ በማን ምክር፣ በየትኛው ጥናት ላይ ተመሥርቶ ተላለፈ? የፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ስመኘው በቀለ ሐምሌ 2010 ሕይወታቸው ሲያልፍ አገር አዝኗል። ግድቡ በሚሠራበት በጉባ በረሃ ዓመታት ሲያሳልፉ ያካበቱትን የሥራ ዕውቀት በዝርዝር የሚጠይቃቸው አጥኚ ከዚያ ወዲያ ሊያገኛቸው አይችልም።

ከዚያ ቀድሞ ጊቤ ሁለት ነበር። 420 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ፕሮጀክት ዋናው አካል 26 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የውኃ ዋሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የመቆፈሪያ ማሽኑ ያልተጠበቀ ጭቃ ገጥሞት ሥራው ለረጅም ጊዜ ተስተጓጎለ፤ ጥር 2002 ላይ ተመርቆ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ደግሞ የዋሻው አንድ ክፍል ተደረመሰ። ተራራ ውስጥ የሚገባ ሰው ተራራውን አስቀድሞ መርምሮ ነው። የአለትና የአፈር ምርመራ ከጠቅላላ ወጪው ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የማይባል ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሲታለፍ ግን የሚያስከፍለው በወራትና በዓመታት ነው። አሁንም በመንገድና በሕንጻ ሥራ ላይ «አፈሩ ከተጠናው ተለየብን» የሚለው ምክንያት በጊዜ ማራዘሚያ ደብዳቤዎች ውስጥ የተለመደ ነው።

በሰዓቱ ማለቅም ብቻውን አይበቃም። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር 34 ኪሎ ሜትር መስመሩን ይዞ በ475 ሚሊዮን ዶላር ወጪ በሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ተሠርቶ መስከረም 9 ቀን 2008 አገልግሎት ጀመረ። በግንባታ መለኪያ ጥሩ ውጤት ነው። በ41 ባቡሮች የተጀመረው አገልግሎት ግን የመለዋወጫ ዕቃና የጥገና አቅም ስላልተሟላለት የሚንቀሳቀሱት ከግማሽ በታች የወረዱበት ጊዜ መጣ። ከቃሊቲና ከአያት ማልዶ ወጥቶ ፌርማታ ላይ የሚቆመው ተሳፋሪ ፕሮጀክቱን የሚለካው በምረቃው ቀን አይደለም። የጥገናው፣ የመለዋወጫውና የውጭ ምንዛሪው ወጪ ከመጀመሪያው ግምት ጋር ተዳምሮ ቢሆን ኖሮ ውሉ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

ሀብታም መሆን ከዚህ አያድንም። ጀርመኖች በበርሊን ብራንደንቡርግ የተባለውን አየር ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ2006 መገንባት ጀመሩ። ጠቅላላውን ሥራ የሚይዝ አንድ ተቋራጭ በመቅጠር ፈንታ ሥራውን ከፋፍለው ለብዙ ኩባንያዎች ሰጡ፤ የማስተባበሩን ኃላፊነት በዚህ ስፋት ልምድ ያልነበረው ባለቤት ወሰደ። ፖለቲከኞች የሚመሩት ቦርድ ግንባታው እየተካሄደ ንድፉን ደጋግሞ አስለወጠ። በጁን 2012 ሊከፈት ከአራት ሳምንት ያነሰ ጊዜ ሲቀረው የእሳት አደጋ መከላከያና የጭስ ማስወገጃ ሥርዓቱ አስተማማኝ አለመሆኑ ታወቀና መክፈቻው ተሰረዘ። የተከፈተው በኦክቶበር 2020 ነው። ለቢሾፍቱ ከሂትሮው ይልቅ ይህኛው ሳይጠቅም አይቀርም፤ መክፈቻው የቀረው አንድ የሕንጻ ክፍል ፈርሶ ሳይሆን፣ የብዙ ተቋራጮች ሥራ በሚገናኝበት ቦታ ላይ ባለቤት በመጥፋቱ ነው።

ፍጥነት ራሱ ጠላት አይደለም። የኒው ዮርኩ ኤምፓየር ስቴት ሕንጻ 102 ፎቅ ይዞ በአንድ ዓመት ከ45 ቀን ቆሞ እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን 1931 ተመርቋል፤ ያውም ከተያዘለት በጀት በታች። አርክቴክቶቹና ተቋራጮቹ ስንት የብረት ምሰሶ፣ ስንት መስኮት፣ ስንት ድንጋይ በየትኛው ቀን በየትኛው ወለል እንደሚያስፈልግ አስቀድመው ቆጥረው ነበር። ወለሎቹም በአብዛኛው ተመሳሳይ ስለነበሩ ሠራተኛው አንዱን ሲሠራ የሚቀጥለውን ይማር ነበር። በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማትም ሌት ተቀን በፈረቃ መሥራት እንደሚቻል ታይቷል፤ ለዓመታት በአጥር ተከልለው የቆሙ ግንባታዎችን ላየ ነዋሪ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ነገር ግን ፍጥነቱ የመጣው ከዝግጅት በኋላ ነው ወይስ በዝግጅት ፈንታ? የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። ስንት ቱቦና ስንት ገመድ ሁለት ጊዜ ተቆፈረ፣ ለተነሺዎች የተከፈለው ካሳና የተሰጠው ምትክ ቦታ በቂ ነበር ወይ፣ አንዱ ኪሎ ሜትር በስንት ብር አለቀ የሚሉት ጥያቄዎች መልስ ካገኙ ያ ልምድ ለክልል ከተሞች ይጠቅማል።

ሳይት ላይ የሚውል ማንኛውም መሐንዲስ የመዘግየትን ምክንያቶች ሲጠየቅ ሳያስብ ይዘረዝራቸዋል። ወሰን ሳይከበር ውል ይፈረማል፤ ተቋራጩ ማሽን ይዞ ሲደርስ ቤቱ፣ ማሳውና የመብራት ምሰሶው ባለበት ነው። የመሠረት ድንጋይ ሲጣል ዲዛይኑ ገና በረቂቅ ላይ ነው። አማካሪው ያጸደቀው የክፍያ ሰርተፍኬት በአሠሪው መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ወራት ያስቆጥራል፤ ተቋራጩ የሠራተኛ ደሞዝ ሲያጥረው ማሽኑን ወደ ሌላ ሥራ ያዞራል። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ጨረታ ያሸንፋል፤ ያ ዋጋ የማያዋጣ መሆኑ የሚታወቀው ቅድመ ክፍያው ካለቀ በኋላ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ የዋጋ ማስተካከያ የሌለው ውል የያዘ ተቋራጭ ፌሮና ሊፍት ከውጭ የሚያስመጣበት ገንዘብ በአንድ ጊዜ ከ40 በመቶ በላይ ተሸረሸረ። ይህ ሁሉ ለሙያው ሰዎች አዲስ አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎቹም በየዓመቱ በዚሁ ርዕስ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ ያስጽፋሉ፤ ከዚያ ውስጥ ስንቱ የሚቀጥለውን ጨረታ ሰነድ ለማሻሻል ዋለ?

መዝገቡ እንዳይገለጥ የሚያደርገው ትልቁ ምክንያት ፍርሃት ነው። «ግምቱ ስህተት ነበር» ብሎ የጻፈ ኃላፊ ነገ ዐቃቤ ሕግ ሊጠይቀው ይችላል ብሎ ይሰጋል። በሙስናና በስህተት መካከል ያለው ድንበር ካልተለየ ሐቀኛው ሰው ዝም ይላል፤ ሌባውም በዚያ ዝምታ ውስጥ ይጠለላል። ስለዚህ መዝገቡ ሲቋቋም ዓላማው መማር መሆኑ በሕግ ተጽፎ፣ ያለ ጥቅም ፍለጋ የተሳሳተን ባለሙያ የሚጠብቅ ድንጋጌ ሊኖረው ይገባል። ሌላኛው ምክንያት የፖለቲካ ነው፤ ትክክለኛው ዋጋ ከመጀመሪያው ቢነገር ፕሮጀክቱ አይጸድቅም የሚል ስጋት በየትም አገር አለ። በዝቅተኛ ግምት የጸደቀ ፕሮጀክት ግን የሌላውን ፕሮጀክት በጀት እየበላ ነው የሚያልቀው፤ በየክልሉ ግድግዳው ቆሞ ጣሪያ ያልደረሰው ጤና ጣቢያና ተጀምሮ የቆመው የገጠር መንገድ ዕዳውን ይከፍላሉ።

ሕጉ ባዶ አይደለም። በ2012 የወጣው የፌዴራል መንግሥት ፕሮጀክቶች አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1210 ፕሮጀክት በጀት ከማግኘቱ በፊት ተጠንቶና ተገምግሞ እንዲቀርብ ያዛል። የፌዴራል ዋና ኦዲተርም የመንግሥት ፕሮጀክቶችን የክዋኔ ኦዲት እያደረገ ግኝቱን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያቀርባል። በዚህ ላይ የሚጨመረው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፦ ያለቀ ፕሮጀክት ሁሉ በርክክቡ በስድስት ወር ውስጥ የመጀመሪያ ግምቱን፣ የመጨረሻ ወጪውን፣ የተራዘመበትን ጊዜና ምክንያቱን፣ የደረሰውን የሠራተኛ ሞትና ጉዳት፣ ከአምስት ዓመት በኋላም የሰጠውን አገልግሎት እንዲያስመዘግብ ማስገደድ። አዲስ ፕሮጀክት የሚያቀርብ መሥሪያ ቤትም ግምቱን ከዚያ መዝገብ መሰሎች ጋር አስተያይቶ፣ የእኔ ከእነሱ የሚለየው በዚህ ነው ብሎ በጽሑፍ እንዲያስረዳ መጠየቅ ነው።

ቢሾፍቱ ላይ የመሬት ጠረጋው ሥራ ከዋናው ሕንጻ ቀድሞ ይሄዳል፤ ከማሳቸው የሚነሡት አርሶ አደሮች ጉዳይም ከሁሉም ይቀድማል። ተርሚናሉን፣ ማኮብኮቢያውንና የሻንጣ ማጓጓዣውን የሚያገናኘው ሥራ በማን እጅ እንደሚሆን፣ ንድፉ ከየትኛው ቀን በኋላ እንደማይለወጥ፣ ሠራተኛው በባዶው ሕንጻ ስንት ወር እንደሚለማመድ የሚወሰነው አሁን ነው። መዝገቡን ለመጀመር ሌላ ፕሮጀክት መጠበቅ አያስፈልግም፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ 12.5 ቢሊዮን ዶላር፣ በዓመት 60 ሚሊዮን መንገደኛ፣ መክፈቻ እ.ኤ.አ. 2030 ተብሎ ይጻፍ፤ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎንም ግምቱን የሠራው ተቋም ስምና የተመሠረተበት ጥናት ይስፈር፤ በየመንፈቁም የተለወጠው ከነምክንያቱ ለምክር ቤቱና ለሕዝብ ይነበብ።